የአቶ ገሜዳ ቀኝ ጫማ የተማረከበትና የተመለሰበት ዕለት ዜና

ሄቨን ወለተ ሰብስቤ በተወለደች በዐሥራ አራተኛው ዓመት፣ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከፊሉን በጸሎት ከፊሉን በጎረቤት ወረቀት ተሻግራ ዘጠነኛ በገባች በሁለተኛው ወር፣ ድፎ አባ ንጠቅ በኮልፌ ቀራኒዮ በአቶ ሰብስቤ ግቢ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥቅምት በዐሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃው ይመጣል ተብሎ እንደ ልማዱ ባልመጣበት ቀን፣ የሆነው ሁሉ ይህ ነው።

አስቀድሞ ስለ ድፎ ትውልድ ይነገር ዘንድ ይገባል፤ የነገሥታት ዜና ከሐረገ ትውልድ ይጀምራልና። አባቱ አይታወቅም። እናቱም አትታወቅም። አያቱን የጠየቀ የለም። ሄቨን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠና ተራ አጠገብ፣ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ሲያለቅስ አገኘችውና በዩኒፎርሟ ሹራብ ጠቅልላ፣ ሆዴን አሞኛል እያለች ጎንበስ ብላ በእናቷ ፊት አሳለፈችው። ቀለሙ ገና ከእሳት እንደ ወረደ ድፎ ዳቦ ነበር፣ ሆዱም እንደዚያው ክብ፤ ስለዚህ ድፎ ተባለ። አባ ንጠቅ የተባለው ግን ኋላ በሥራው ነው፤ የጥንት ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና፣ ፈረስ የሌለው ድፎ በምርኮው ተጠራ።

ምርኮውም ጫማ ነው። ኳስ ቢወረውሩለት ወርዋሪውን በትዝብት ያያል እንጂ አይሮጥም፤ ጫማ ሲያይ ግን ልቡ ይነሣል። አይበላውም፣ አይቦጭቀውም፤ በአፉ ይዞ፣ ጅራቱን እንደ ሰንደቅ አቁሞ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ ይቆምና ያባርሩት ዘንድ ይጠብቃል። ያባረረው ሁሉ ተሸንፏል። በሦስቱ ዓመታት ከተማረኩትም ዋነኞቹ የአቶ ሰብስቤ ግራ ሰንደል፣ የሰርቪስ ቤቷ ተከራይ የእትዬ ፋሪዳ ሁለቱም ሸበጥ፣ የሄቨን ታላቅ እኅት የሃና የምርቃት ታኮ፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ አንድ ቦት ጫማ ከነካልሲው ናቸው፤ ቦቱ ተገኝቷል፣ ካልሲው እስከ ዛሬ በምርኮ ላይ ነው።

ወእምዝ፣ አቶ ሰብስቤ፣ በአየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ በቤታቸው ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብሌ በፈቀዱላቸው ሰዓት ሁሉ ንጉሠ ነገሥት የሆኑ፣ ለእንቁጣጣሽ የገዙት ጫማ ከውሃ ሮቶው ሥር ተቀብሮ በተገኘ ጊዜ፣ በምሳ ላይ ቆመው በማንኪያ ብርጭቆ እየመቱ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁም እንዲህ የሚል ነበር፦ “በዚህ ቤት ያለህ፣ በሰርቪስ ቤትም ያለህ፣ ስማ። ይህ ውሻ ከእንግዲህ አንዲት ጫማ፣ የማንም ትሁን የማን፣ ቢነካ፣ በማግስቱ ጠዋት አየር ጤና ወዳጄ ጋራዥ ይወርዳል። እዚያ ዘበኛ ውሻ ይፈልጋሉ። ሰንሰለትም አላቸው። ማልቀስ አይቻልም። ሄቨን፣ ላንቺ ነው።”

ሄቨን ያንን ጋራዥ ታውቀዋለች። የበፊቱ ውሻ በዚያ ዓመት በእርጅና እስኪሞት ድረስ፣ ፀጉሩ የሞተር ዘይት ጠጥቶ፣ ሰው ሲያልፍ ጅራቱን መቁላት ረስቶ፣ ከአንድ ብረት ጋር ታስሮ ኖሯል። እርሱ ከሞተ በኋላም ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ተላጭቶ፣ አንድ ሣር የሌለበት ክብ ሆኖ ቀርቷል። ሄቨን በዚያ ክብ ውስጥ ድፎን አስባ በዚያ ቀን ሩዟን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ይህም ሊጻፍ የሚገባው ነው፣ ሩዝ ትታ አታውቅምና።

በእነዚያም ቀናት ታላቅ እኅቷ ሃና ኤባ የሚባል የሳንሱሲ ልጅ ወዳ ነበርና፣ ኤባ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። ነገሩ በስልክ ካለቀ ከርሟል፤ ሃና ታውቃለች፣ እናቷ ያውቃሉ፣ እትዬ ፋሪዳ ከሁሉ በፊት ያውቃሉ፣ ያላወቁ እንዲመስሉ የተፈቀደላቸው አቶ ሰብስቤ ብቻ ነበሩ። እርሳቸው ደግሞ የቆየ ቂም ነበራቸው። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት የወይዘሮ ሰብሌ አባት የአቶ ሰብስቤን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መልሰዋቸዋል፣ አንዱን ጊዜ በዝናብ። ያን ዝናብ አቶ ሰብስቤ እስከ ዛሬ አልደረቁም። ስለዚህ እርሳቸውም በተራቸው ሦስት ጊዜ ሊመልሱ ምለው፣ ሳምንቱን ሙሉ በባኞ ቤቱ መስተዋት ፊት “ሄዳችሁ ተመለሱ” የሚለውን ቃል ተለማመዱ፣ ቅንድብ ጭምር።

ወይዘሮ ሰብሌም ለዚሁ ክብር ከመርካቶ አዲስ ምንጣፍ አምጥተው ሳሎኑን አለበሱ፤ ለሄቨንም ነጭ ቀሚስ ሰማያዊ ጥለት ያለው አሰፉላት፤ በእሑዱም ጠዋት አዋጃቸውን አወጁ፦ “ሄቩ፣ ዛሬ ያንቺ ሥራ አንድ ነው። ውሻሽን ጓሮ ያዢ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ድምፁን አልስማ፣ ጅራቱን አልይ። ያን ቀሚስ ደግሞ ብታቆሽሺው፣ እውነቴን ነው፣ ለእኅትሽ ሠርግ በዩኒፎርም ነው የምትቆሚው።”

ሄቨንም እሺ ብላ ድፎን ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ በልብስ ማስጫ ገመድም ከሃያ ሊትር ጄሪካን ጋር አሰረችው። በኮልፌ ከሞላ ጄሪካን የሚከብድ ነገር እንደሌለ የልጅ ወገብ ሁሉ ይመሰክራልና፣ አሳሰሯ የብልህ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ውሃ በፈረቃው ስላልመጣ፣ ወይዘሮ ሰብሌ ጄሪካኑን ለብርጭቆ ማጠቢያ እስከ ጠብታው አንጠፍጥፈው፣ እጣቢውን ከእንሰቱ ሥር ደፍተው፣ ባዶውን ጄሪካን እንደ ባለሙያ ሴት ክዳኑን ገጥመው ወደ ቦታው መልሰውት ነበር። ሄቨን በእግሯ እንኳ ነካ አላደረገችውም። በፈረቃ ከተማ አድጋ፣ የቆመ ጄሪካን ሁሉ ሙሉ ነው ብላ ያመነች እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በስምንት ሰዓት ተኩል ሦስቱ ሽማግሌዎች ደረሱ። ቀዳሚው አቶ ገሜዳ ናቸው፣ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሲስቁ ያያቸው ተማሪ ስለመኖሩ ማስረጃ ያልተገኘ። ሁለተኛው አቶ ጌታቸው ናቸው፣ አቶ ገሜዳ ያሉትን “እንዴታ” በማለት የሚያጸኑ። ሦስተኛው ለምሳው የመጡ ናቸው፣ ስማቸውም በዚህ ዜና አልተጻፈም፣ ሲጠየቁ ሽታው ከየት እንደሚመጣ እያሰቡ ነበርና። ወይዘሮ ሰብሌ በበሩ ቆመው ከነጫማችሁ ግቡ፣ ግድ የለም አሉ፤ ዓይናቸው ግን በምንጣፉ ላይ ወደቀ። አቶ ገሜዳ አርባ ዓመት የተማሪ ዓይን ያነበቡ ሰው ናቸውና፣ አንብበው ጫማቸውን አወለቁ፤ ሌሎቹ ሁለቱም እየተያዩ አወለቁ። ስድስት ጫማ በበረንዳው ላይ ተሰለፈ። የአቶ ገሜዳ ጥቁር ጫማ በዚያ ጠዋት ሊስትሮ እጅ ወድቆ ስለነበር ሰማይ ይታይበት ነበር።

ገብተውም ቆሙ፣ ቁጭ በሉ ቢባሉም ቆሙ፣ አቶ ገሜዳም ቃላቸውን አሰሙ፦ “እኛ የመጣነው ወንበር አጥተን አይደለም። ልጃችን ኤባ ልጅ ይሁናችሁ፣ ልጃችሁ ሃና ልጅ ትሁነን ብለን ልንለምን ነው። እሺታችሁን ሳንሰማ እህላችሁን አንቀምስም።” አቶ ጌታቸው እንዴታ አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ስለ እህሉ ቀደም ብሎ የነገራቸው ስላልነበረ ፊታቸው ወረደ። ከዚያም በልመና ተቀመጡ፤ አቶ ገሜዳ ፊታቸውን ወደ በረንዳው መስኮት፣ አቶ ሰብስቤ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ ለታላቁ ቃል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

በዚያችም ቅጽበት በጓሮ ነጋሪት ተጎሰመ። ድም፣ ድም፣ ድም። ነፋስ የሦስት እንግዳ ጫማ መዓዛ አምጥቶለት፣ ድፎ አባ ንጠቅ ባዶውን ጄሪካን እየጎተተ ዘመተ። ሄቨን በዚያ ሰዓት ጆሮዋን በሳሎኑ የኋላ መስኮት ላይ ለጥፋ ነበር፣ ለታሪክ ስትል እንጂ ለስለላ አይደለም፤ ዘወር ስትል ያየችው የጄሪካኑን ቂጥ ከቤቱ ጥግ ሲታጠፍ ነው። ከበረንዳው ደረጃ ሥር ጄሪካኑ ተቀርቅሮ ገመዱን በጠሰለት። ድፎም ስድስቱን ጫማ እንደ ጦር አለቃ እየዞረ መረመረ፤ የአቶ ጌታቸውን ናቀ፤ የሦስተኛውን ሽማግሌ አንድ ጊዜ አሽትቶ ሁለት እርምጃ ሸሸ፣ ምክንያቱን መናገር አይገባም፤ የአቶ ገሜዳን ቀኝ ጫማ ማረከ። ይዞትም በመስኮቱ ፊት፣ ሳይቸኩል፣ በሰልፍ አለፈ። አቶ ገሜዳ አዩት። እርሱም አያቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ጫማዬን ብሎ በተነሣ። አቶ ገሜዳ ግን ነገሩን እንደ ሒሳብ አሰሉት። ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ጫማ ሲለምን ቢገኝ፣ በሳንሱሲ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል፤ በአንድ እግር ጫማ በአንድ እግር ካልሲ ከሰው በር ቢወጣ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ጫማው እስኪመለስ ድረስ ከዚያች ወንበር ላለመነሣት በልባቸው ቆረጡ፣ ለማንም አልተነፈሱም።

አቶ ሰብስቤም የሳምንቱን ቃል አወጡት፦ “አባቶቼ፣ መምጣታችሁ ክብራችን ነው። ግን ልጅ ጎመን አይደለችም፣ ተቆርጣ አትሰጥም። ከዘመድ እንመካከር። ሄዳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።” ቅንድባቸውም በልምምዱ መሠረት ወጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወጉ ነውና ሊነሡ ጉልበታቸውን ያዙ። አቶ ገሜዳ ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ አንዲት ቃል አወጡ፦ “አንነሣም።” ሁለቱም ተመልሰው ተቀመጡ። እንዴታ የሚለውም ድምፅ ዘግይቶ፣ ግራ እየተጋባ ተሰማ።

በውጭ ሄቨን ወለተ ሰብስቤ ጦሯን አሰለፈች። ፊታውራሪዋ ራሷ ናት። ቀኝ አዝማቿ እትዬ ፋሪዳ ነበሩ፣ ከሸበጣቸው ምርኮ ጀምሮ ቂም ይዘው የኖሩ፣ መጥረጊያ የታጠቁ። ግራ አዝማቿ የእትዬ ፋሪዳ ዶሮ ነበረች፣ ሳትጠራ የመጣች። ደጀኗ ሃና ነበረች፣ እስክትጠራ እንዳትታይ ተብላ በማድ ቤት መስኮት የታገተች። ስንቃቸውም አንድ ቁራሽ ዳቦ ሲሆን፣ ለድፎ ማባበያ በተወረወረ ጊዜ ዶሮዋ በላችው። የጦሩ አዋጅ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር፣ እንግዳ እንዳይሰማ፤ እትዬ ፋሪዳም በሹክሹክታ አወጁ፦ “ልጄ፣ አንቺ በሮቶው በኩል ዝጊ፣ እኔ በእንሰቱ እዞራለሁ። ወላሂ ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ።”

ሦስት ጊዜ ቤቱን ዞሩ። ድፎ በፊት፣ ጫማው በአፉ፤ ሄቨን ቀጥላ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፤ እትዬ ፋሪዳ መጥረጊያቸውን ከፍ አድርገው፤ ዶሮዋ ከኋላ፣ ዳቦ ይደገማል ብላ። ለድፎ ይህ ጦርነት አልነበረም፤ ከተወለደ ጀምሮ ያየው ምርጡ እሑድ ነበር። በየዙሩ በመስኮቱ ፊት ያልፋሉ፣ በየዙሩም የአቶ ገሜዳ መንጋጋ ይጠነክራል። ይህን ጊዜ በውስጥ አቶ ሰብስቤ ቀጠሮውን ወደ አንድ ሳምንት አወረዱት፤ አንነሣም። ወደ ረቡዕ አወረዱት፤ አንነሣም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ዓይኑ ከሩቅ ነገር ላይ የማይነቀል፣ በዘመናቸው አላዩምና ላብ ጀመራቸው፤ ቅንድባቸውም ሳይታዘዝ ወረደ።

በሦስተኛው ዙር ሃና በማድ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ አወጀች፦ “ሄቩ፣ ስሚኝ። ሰውዬው በአንድ ጫማ ከወጡ እኔ እዚሁ ነው የማረጀው። ያ ቀበጥ ደግሞ ነገ ጋራዥ። ሩጫሽን ተዪና አቦ አንዴ አስቢ፣ ብርቅ ቢሆንብሽም።”

ሄቨንም ቆመች፣ አሰበችም። ድፎ ከበረንዳው መስኮት ትይዩ ባለው እንሰት ሥር፣ የብርጭቆው እጣቢ በተደፋበት ጭቃ ዳር ቆሞ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ ይጠብቃታል። ያን ጊዜ አምና ክረምት ታይፎይድ ይዟት የተኛችበት ቀን ትዝ አላት። ድፎ የሃናን የምርቃት ታኮ በአፉ ይዞ ገብቶ፣ ማንም ሳያባርረው፣ አልጋዋ ሥር አስቀምጦት፣ ፊቷን እስክትስቅ ድረስ ላሳት። ለሚያባርረው ሁሉ ንጉሥ ነው፤ ለወደቀ ግን ምርኮውን ይጥላል።

ቀሚሷን አየች። ነጭ ነበር። ጭቃውን አየች። ከዚያም ያን ሣር የሌለበትን ክብ አየችው፣ ከአየር ጤና ድረስ። ዓይኗንም ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ፣ እንዲታመንላት ምላሷን በትንሹ አውጥታ፣ በጀርባዋ ጭቃው ላይ ሞተች።

እትዬ ፋሪዳ ዘዴውን አላወቁምና መጥረጊያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ዶሮዋ በሟቿ ሆድ ላይ ወጣች። ድፎ ጅራቱን አቆመ። አንድ እርምጃ መጣ፣ ጫማውን እንደ ያዘ፣ ቆመ። ሄቨን ትንፋሿን ዋጠች፤ ጭቃው በአንገቷ እየገባ፣ ዶሮዋ እምብርቷን እየጫረች፣ አልተንቀሳቀሰችም። ድፎ ሌላ እርምጃ መጣ፤ አጉረመረመ፤ ከዚያም ጫማውን ከጎኗ ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል እንደሚያኖር ሰው፣ አኖረው። ፊቷንም ይልስ ጀመር፣ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ የወጣውን ምላሷን ሳይቀር። በዚያን ጊዜ ሟቿ በአንድ እጇ ጫማውን፣ በአንድ እጇ አንገቱን ይዛ ተነሣች።

በውስጥ ግን አቶ ሰብስቤ ተሸንፈው ነበር። “ይሁን። ልጄን ሰጥቻለሁ” ብለው አወጁ፤ ወይዘሮ ሰብሌም ከጠዋት ጀምሮ ያመቁትን እልልታ ለቀቁት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊስሙ ተነሡ። አቶ ገሜዳ አልተነሡም። አቶ ሰብስቤ ደነገጡ፤ ሠርጉም በጥር ይሁን ሲሉ ጨመሩ። አልተነሡም። መልሱንም እኔው እደግሳለሁ አሉ። አልተነሡም። ሌላ የምሰጠው ልጅ የለኝም ሊሉ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ አቶ ገሜዳ በመስኮቱ አንዲት ልጅ ከራሷ እስከ እግሯ ጭቃ ለብሳ፣ የቀራትን አንድ ንጹሕ የቀሚስ ጠርዝ ፈልጋ ቀኙን ጫማ ስትወለውል፣ ከግራው አጠገብም አስተካክላ ስታኖር አዩ። እንደ ምንጭ ፈልቀው ተነሡ። “እንግዲህ ይባረክ” አሉ፤ መረቁም፤ ምሳም ተበላ፣ ሦስተኛውም ሽማግሌ ተጽናኑ።

ሊሰናበቱ በረንዳ ሲወጡ ግን ጫማው ምስክር ሆነ። ከአፍንጫው ላይ ሁለት የጥርስ ምልክት፣ ሁለቱም ጥልቅ። አቶ ሰብስቤ ጫማውን አዩ፤ ቀሚሱን አዩ፤ ከቀሚሱ ኋላ ቁራጭ ገመድ በአንገቱ ያንጠለጠለውን ድፎን አዩ። በአንድ ቀን ያጡትን ሥልጣን በሙሉ ሰብስበው አወጁ፦ “ነገ ጠዋት ይህ ውሻ ጋራዥ ይሄዳል። ቃሌ ቃል ነው።” ሄቨን ማልቀስ እንደማይቻል ታውቅ ነበርና አላለቀሰችም፤ የድፎን ጆሮ ብቻ ያዘች።

አቶ ገሜዳም ግራ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ቀኙን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ በበረንዳው አግዳሚ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ቃላቸውም ይህ ነበር፦ “አቶ ሰብስቤ፣ አንዲት ልመና ቀርታኛለች። አርባ ዓመት አስተምሬ፣ ለጓደኛው ሲል ጭቃ ላይ የሞተ ተማሪ አላየሁም። ዛሬ በመስኮትዎ አየሁ። ይህ ውሻ ከዚህች ልጅ አይለይ። እሺ እስካልተባልኩ አልነሣም።”

አቶ ሰብስቤ አግዳሚውን አዩ፤ አቀማመጡንም አወቁት። በዚህ አቀማመጥ በአንድ ከሰዓት ልጃቸውን፣ ጥርን፣ መልሱን አጥተዋል። በመስኮቱ ያለፈውንም ነገር ያን ጊዜ ተረዱና ጆሯቸው ቀላ፤ ግን የተሰጠ ቃል አይመለስም፣ ሽማግሌም አይዋረድም። “ይኑር” አሉ። አቶ ጌታቸው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልብ እንዴታ አሉ። ስለ ቀሚሱ የወጣው የወይዘሮ ሰብሌ አዋጅ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ሄቨን ለሠርጉ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነው።

ስለዚህ ድፎ አባ ንጠቅ ይወደስ፣ በአንድ ጫማ እኅት የዳረ፣ ሦስት ቀጠሮ ወደ አንድ ያጠፈ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ቂም በአፉ ተሸክሞ ያለፈ። ሄቨን ወለተ ሰብስቤም ከፍ ከፍ ትበል፣ ኃያላን በመጥረጊያ ያልረቱትን በመሞት የረታች፣ በእንሰት ሥር ወድቃ በምላስ የተነሣች፣ ባዶ ጄሪካን የማትለይ፣ ወዳጇን ግን የምትለይ። ዘመኗ ይርዘም፣ ፈረቃዋ ይድረስ። በአየር ጤናም በዚያ ጋራዥ፣ ሰንሰለቱ ባለበት፣ በተላጨው ክብ ላይ ሣር ይብቀል፤ ለዘለዓለም ይብቀል።